በካፖርት ሥር፦ ሙቀት የሚናገር ዱቄት ይዘን ከደብረ ብርሃን እስከ መቂ

ደብረ ብርሃን ተወልዶ እዚያው ለሚያረጅ ሰው ሙቀት ማለት ምድጃ ዳር የሚገኝ ነገር ነው። ስለዚህ ከናዝሬት ስመለስ ጎረቤቶቼ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «እውነት እዚያ ያለ ብርድ ልብስ ይተኛል?» እውነት ነው። ያለ አንሶላም ይተኛል። የቀረውን እናንተ እዚህ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ እንድታነቡት ጽፌዋለሁ። እኔን የሚያሳፍረኝን ክፍል ለመዝለል ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ያ ክፍል ከወጣ ግን ጉዞው ራሱ ምንም አይቀረውም።

የመጀመሪያው ቀን

ስንዱ እባላለሁ። በከተማችን ባለ አንድ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነኝ፤ ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ሚዛን እጠብቃለሁ፣ ተማሪ የሰበረውን እመዘግባለሁ። አለቃዬ ዶክተሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀምሙት የኖሩት አንድ ዱቄት አለ። በቀን ብርሃን ለሚያየው ከበሶ አይለይም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛችን ስኳር ጨምራ ልትበጠብጠው ስትል ደርሼባታለሁ። ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ ሲያበሩበት ግን ነፍስ ይዘራል። ከቀዘቀዘ አረንጓዴ ያበራል፤ ሞቅ ሲለው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ሲግል ደግሞ ቀይ ይሆናል።

ምክንያቱን ያስረዱኝ ጋሼ ደጀኔ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መዋል ስላልሆነላቸው በየቀኑ ቤተ ሙከራችን ይመጣሉ። «ውስጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉ» አሉኝ። «ታላቁ አረንጓዴ ነው፣ ታናሹ ቀይ። ብርድ ሲሆን የሚሠራው ታላቁ ነው። ሙቀት ሲመጣ ጉልበቱን ለታናሹ አስረክቦ ቁጭ ይላል።»

ችግሩ የእኛ ከተማ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ታላቁ ወንድም ቁጭ ብሎ አያውቅም። ጠዋትም አረንጓዴ፣ ቀትርም አረንጓዴ። ዶክተሩ ደግሞ ዱቄቱን በቫርኒሽ ለውሰው የጭነት መኪና ጎማ ላይ መቀባት ነበር ሐሳባቸው፤ ሹፌሩ በቆመ ቁጥር ባትሪውን አብርቶ የጎማውን ትኩሳት እንዲያይ። ለዚህ ሙቅ አገርና ብዙ መኪና ያስፈልጋል። ሁለቱም ያሉት ሞጆና ናዝሬት ነው።

ስንነሳ ዶክተሩ ለብቻዬ ጠርተው «ውጤት ካላመጣችሁ ዱቄቱ ወደ ቁም ሳጥን ይገባል፤ አንቺንም ሬጅስትራር ይፈልጉሻል» አሉኝ። ሬጅስትራር ማለት አንዲት መስኮት ያለችው፣ ያቺም መስኮት ሰው እንዲጮህባት የተሠራች ክፍል ነው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ውጤት ለማምጣት ቆርጬ ነው። ምን ያህል እንደቆረጥኩ በአራተኛው ቀን ታያላችሁ።

ጋሼ ደጀኔ ለጉዞው የለበሱት ያንኑ ጥቁር ካፖርታቸውን ነበር፤ ሁለት ሰው ከነበጉ የሚያስጠልል ካፖርት።

«ጋሼ፣ የምንሄደው ቆላ ነው እኮ!»

«ብርሃኑን ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል። ጨለማችንን ተሸክሜ ነው የምሄደው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ላይ መኪና ቀይረን ቁልቁል ስንወርድ አንድ የተቀባ ቆርቆሮ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ራሳቸውን በካፖርቱ ሸፍነው፣ በየከተማው ቀለሙን ያዩ ነበር። ከጎናቸው የተቀመጡት እናት ቢሾፍቱ እስክንደርስ ታገሡ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «አባትሽን ያማቸዋል እንዴ?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ከካፖርቱ ውስጥ «ገረጣ! አረንጓዴው ገረጣ!» የሚል ጩኸት መጣ። እናትየው አማትበው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ሞጆ የጭነት መኪና ከተማ ናት። የእኛ ከተማ ሰው በግ ሲነዳ እንደሚታየው፣ እዚያ ሁሉም ከኋላው ተሳቢ ያስከተለ ይመስላል። መኪኖቹ ከቆሙበት ሜዳ ገብተን ሹፌሮችን አንድ በአንድ ለመንን። አንዱ የባለንብረቱ ሰላይ አድርጎ ቆጠረን። ሌላው ጎማው ላይ መተት እንድንቀባበት እንደማይፈቅድ ነገረን። ሦስተኛው ሳቀና ሻይ ጋበዘን፤ መኪናውን ግን አላስነካንም።

በመጨረሻ የተስማማው ከማል የሚባል ሹፌር ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የመቂ ልጅ፣ ቀልድ ካላወራ ምራቁን መዋጥ የማይችል። የስንዴ ዱቄት ጭኖ ወደ አዳማና ወደ ወለንጪቲ እየሄደ ነበር፤ ከዚያ መቂ ወርዶ ሽንኩርት ይጭናል።

«ያበራል ነው የምትሉት?» አለ።

«ያበራል።»

«በቃ ጌጥ ነው። ቀቡት። ግን አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ፤ ብቻዬን መኪና መንዳት ሰልችቶኛል። ረዳቴ ሊያገባ ብሎ ጥሎኝ ሄዷል።»

በባለ ስድስት ጎማው መኪና አራቱም ማዕዘን፣ ቸርኬው መሃል ያለው ብረት ላይ አንዳንድ ነጥብ ቀባን። ከዚያ ጋሼና እኔ ጎማው ሥር ተንበርክከን ካፖርቱን ከላያችን ጣልን። ባትሪዋን ሳበራ አራቱም አንድ በአንድ ፈዛዛ ቢጫ ሆነው ታዩ። ከውጭ አንዲት ሻይ ሻጭ «ምን ሆነው ነው እነዚህ?» ስትል ሰማሁ። ከማል ሳይዘገይ «ጎማዬ ታሞብኝ ከደብረ ብርሃን ሐኪም አስመጥቼ ነው» አላት። ከካፖርቱ ስንወጣ ከሃያ ሰው በላይ ከቦን ነበር።

አዳማ ስንደርስ የፊቶቹ ጎማዎች ቢጫ፣ የኋለኞቹ ብርቱካን ሆነው አገኘናቸው። ጋሼ ደጀኔ ደብተራቸውን አውጥተው ቀለሙን ከነሰዓቱ ጻፉ። እኔም በልቤ ሬጅስትራርን ቻው አልኩት። ትንሽ ቸኩያለሁ።

ሁለተኛው ቀን

የከተማው ስም ጉዳይ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጋሼ ደጀኔ ናዝሬት ይላሉ፣ ከማል አዳማ ይላል፣ የባጃጁ ሹፌር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም አለ። ማንም ማንንም አላረመም። ባጃጅ ደግሞ በእኛ ከተማ የሚያቆመው ብርድ ነው፣ እዚያ የሚያቆመው ሰላምታ ነው፤ ሹፌሩ ከሚያውቀው ሰው ሁሉ ጋር «አካም ቡልቴ፣ ደህና ነህ፣ ነጋ ዳ» ሳይባባል አያልፍም። እኛም ከኋላ ሆነን አብረን ሰላም ማለት ጀመርን።

ከማል ጭነቱን ሲያራግፍ ስለሚውል ቀኑ የእረፍት ቀን ነበር። ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት ወፍራም፣ ትሑት ሰው ናቸው። ክፍላችንን ሲያሳዩን በኩራት «ሙቅ ውሃ አለን» አሉ። ባለ ቀይ ምልክቱ ቧንቧ ሙቅ፣ ባለ ሰማያዊው ቀዝቃዛ ነው አሉን። እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ ልብሴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሙቅ ውሃ ማለት ስድብ ነው የመሰለኝ።

ቀትር ላይ ልታጠብ ገብቼ ሰማያዊውን ከፈትኩ። ጮኼ ወጣሁ። ጋሼ ደጀኔ ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ግን ደንግጠው አልነበረም፤ ዓይናቸው እያበራ ነው። «ቫርኒሹን አምጪው» አሉ።

ሁለቱንም ቧንቧዎች ቀባን፣ መጋረጃውን ዘጋን፣ ባለቤቱን ጠራን። ባትሪዋ ስትበራ ባለ ሰማያዊው ቧንቧ ብርቱካን ሆኖ አበራ፤ ባለ ቀዩ አረንጓዴ። ባለቤቱ ሁለቱንም ቧንቧ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። የውሃ ማሞቂያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ውሃው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ እየቀዘቀዘ ይመጣል። ቀዝቃዛ የተባለው ደግሞ ጣሪያ ላይ ካለው ጥቁር የውሃ ታንከር ነው፤ የአዳማ ፀሐይ ሙሉ ቀን ትቀቅለዋለች።

«እንግዲህ ስንት ዓመት...» አሉ ባለቤቱ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱም። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዳ ሁሉ ‹ሙቅ ውሃችሁ ይበርዳል› ሲለኝ ‹እናንተ ከደጋ ስለመጣችሁ ነው› እላቸው ነበር እኮ!»

ማሞቂያውን ግን አላስጠገኑም። መሰላል ሳይሆን ቀለም አመጡና ምልክቶቹን አቀያየሩ፤ ቀዩን ሰማያዊ፣ ሰማያዊውን ቀይ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ማታ ራታችን ላይ ያላዘዝነው ሐብሐብ መጣልን፤ ከበሮ የሚያክል። በእኛ ገበያ እንዲህ ያለው ሐብሐብ ቢገኝ ሰው ለማየት ይሰለፋል። ጋሼ ደጀኔ ግማሹን ብቻቸውን ጨረሱና ካፖርታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቁ።

ሦስተኛው ቀን

ወለንጪቲ ከአዳማ በስተምሥራቅ ነው፤ መንገዱ ለጥ ያለ፣ ግራርና አቧራ። ዳገት ለለመደ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ስላጣ ይደክማል። ከማል ከመነሳታችን በፊት «የአክስቴን ቤት ምሳ ሳንበላ ከወጣን በሕይወት አትተወኝም» ብሎ አስጠንቅቆናል።

አክስቱ አዴ ዘሃራ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቡ!» እያሉ አስገቡንና ሳንቀመጥ ጨጨብሳ አቀረቡልን፤ ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ይንሳፈፋል። ጋሼ ደጀኔ ስለ ዱቄቱ ሊያስረዷቸው ጀመሩ። አዴ ዘሃራ አቋረጧቸው።

«አሳዩኝ። ወሬ አልወድም።»

ብርሃኑን ለማሳየት ጨለማ ስፍራ ስንፈልግ የእህል ማስቀመጫ ጓዳቸውን ከፈቱልን፤ መስኮት የለውም። ጋሼ የተቀባውን ቆርቆሮ ያዙ፣ እኔ ባትሪዋን ያዝኩ፣ አዴ ዘሃራ በሩ ላይ ቆሙ። ሳበራ ቆርቆሮው ቢጫ ሆነ፤ «ማሻ አላህ!» አሉ። ከዚያ ብርሃኑ ትንሽ ወደ ጎን ሲሄድ ማዕዘኑ ላይ፣ ጆንያው ሥር፣ ጣት የምታክል ነገር ደማቅ አረንጓዴ ሆና አበራች።

«አንቺ ልጅ፣ ዱቄቱን እያፈሰስሽው ነው!» አሉ ጋሼ ተቆጥተው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሊያነሱት እጃቸውን ዘረጉ።

አረንጓዴዋ ነገር ጅራቷን አነሳች።

ጋሼ ደጀኔን በሕይወቴ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። አዴ ዘሃራ ግን ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ጫማቸውን አወለቁና በአንድ ምት ጨረሷት። ጊንጥ ነበረች።

«የጊንጥ ቆዳ በዚህ ብርሃን ያበራል» አሉ ጋሼ፣ ግቢው መሃል ቆመው እየተነፈሱ። «ረስቼው ነው። ሲሞቃትም ሲበርዳትም አረንጓዴ ናት፤ ስለ ሙቀት ምንም አትነግርሽም።»

«ስለ ራሷ ከነገረችን ይበቃል!» አሉ አዴ ዘሃራ። ባትሪዋን ከእጄ ወስደዋታል።

ሳይንሳችን እዚህ ላይ ቆመ። አዴ ዘሃራ የቤታቸውን ማዕዘን ሁሉ አስሰው ሁለት ጨመሩ። ከዚያ ጎረቤታቸው ሰሙ። ከዚያ የጎረቤታቸው ጎረቤት። ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ያለቀው በየሰው ጓዳ ስንገባና ስንወጣ ነው፤ እኔ ባትሪ፣ ጋሼ ካፖርት በየመስኮቱ ላይ፣ አዴ ዘሃራ ጫማ። ከየቤቱ ስንወጣ አንዱ እርጎ፣ ሌላው የተቀቀለ እንቁላል፣ አንዷ ደግሞ በሕይወት ያለች ዶሮ ሰጡን። እኛ አገር ቁንጫ እንጂ ጊንጥ የለንም፤ ስለ ቁንጫ ደግሞ ማንም ዶሮ አይሸልምም።

የወለንጪቲ ጭነት የተራገፈው በጣም ዘግይቶ ስለሆነ እዚያው አደርን። ከመተኛቴ በፊት አልጋዬን ስንት ጊዜ በባትሪዋ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

አራተኛው ቀን

በማግስቱ አዴ ዘሃራም አብረውን ተነሱ። ልጃቸው ለይላ መቂ ነው የምትኖረው፤ ከወለደች ሃምሳ ቀን ሆኗታል። እናትየው አራሷን ከነሕፃኗ ወለንጪቲ አምጥተው ሊያሳርፏት ነበር። ዶሮዋም ተሳፈረች።

ሞጆ ላይ ቆመን ስናይ ሦስቱ ነጥቦች ብርቱካን ነበሩ፤ የቀኙ የኋላ ጎማ ግን ቀይ።

«ይሄኛው ከወንድሞቹ ተለየ» አሉ ጋሼ። «ከማል፣ ግሪሱን አይተኸዋል?»

«መቂ ላይ አየዋለሁ አባባ፣ አብሽሩ። ቀይ ያምርበታል ደግሞ።»

ከሞጆ ወደ ደቡብ የቆቃን ሐይቅ በጎን እያየን ወረድን። መቂ ስትደርሱ ከተማውን ከማየታችሁ በፊት በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሽንኩርት ነው። በየሜዳው ቀይ ሽንኩርት ተከምሯል፣ ደላላው ይጮኻል፣ መኪና ይሞላል። በእኛ ገበያ ሽንኩርት በመደብ በመደብ ተቆጥሮ ሲሸጥ ላደገ ሰው ተራራውን ማየት ራሱ ያስለቅሳል።

ከማል ለይላ ቤት አራገፈንና እርሻው ድረስ ገብቶ ሊጭን ሄደ። እቅዳችን ግልጽ ነበር። እሱ ጭኖ ሲመለስ አዴ ዘሃራን፣ ለይላንና ሕፃኗን ይዞ ይሄዳል፤ ሞጆ ላይ ያወርዳቸውና ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። ጋቢናው ስለሚሞላ ጋሼና እኔ በአውቶቡስ እንመለሳለን። እኔ የመጨረሻውን ንባብ እመዘግባለሁ፤ ሙከራው በዚያ ያበቃል።

መኪናው ተመልሶ በሩ ላይ ሲቆም ሽንኩርቱ ከጋቢናው በላይ ተቆልሎ ነበር። ጋሼ ቤት ውስጥ በግድ ሦስተኛ ሳህን እየበሉ ስለሆነ ካፖርቱን ብቻ ይዤ ወጣሁ። የፊቱ ግራ ብርቱካን። የፊቱ ቀኝ ብርቱካን። የኋላው ግራ ቀይ። ወደ ኋላው ቀኝ ዞርኩ፣ ካፖርቱን ተከናነብኩ፣ አበራሁ።

ምንም የለም። ባትሪዋን ጠፋች ብዬ መታ መታ አደረግኳት። ግራውን ሄጄ አየሁ፤ ያበራል። ቀኙ ግን ድርግም ብሏል።

ከማል ከላይ ሆኖ ገመድ እያጠበቀ «ሞተ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ቀለማችሁ እንደ ጥፍር ቀለም ሁለት ቀን ነው የሚቆየው?»

ጆሮዬ ጋለ። ቀለማችን ረግፏል አልኩ ለራሴ። በአራት ቀን ከረገፈ ዶክተሩ ምን ይላሉ? ያቺ መስኮት ታየችኝ፣ ከውጭ የሚጮኸው ሰው ታየኝ። ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የቫርኒሽ ጠርሙስ ትዝ አለኝ። አንድ ጠብታ ብቻ። ጋሼ ሦስተኛውን ሳህን ሳይጨርሱ እቀባዋለሁ፣ ያበራል፣ አራቱም ያበራሉ ብዬ እጽፋለሁ። ማን ያያል?

እንግዲህ የሚያሳፍረኝ ክፍል ይኸው ነው።

ካፖርቱ ሥር ሆኜ ብሩሹን ነክሬ፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ሌባ ጣቴን ብረቱ ላይ ደገፍኩ። ቫርኒሹ ጭስስ አለ። ጣቴም።

ጩኸቴን የሰማ ሁሉ ወጣ። ከማል ከላይ ዘሎ ወርዶ «ጊንጥ ነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ «እሾህ ወጋኝ» ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ለይላ ሕፃኗን ታቅፋ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣለች። ደላላው «ኧረ ንዱት፣ ገበያው ያልፋችኋል!» ይላል። አዴ ዘሃራ አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አድርገዋል። የሚቀረው እነሱ ተሳፍረው መሄዳቸው ብቻ ነው፤ እኔ በአውቶቡስ ነኝ።

«ከማል፣ አትነሳ» አልኩት።

«ምን ሆነሻል?»

«ጎማው ይፋጃል። ነጥቡ ስለጠፋ ላጭበረብር ነበር፤ ደግሜ ልቀባው ስል አቃጠለኝ። ቀለሙ አልረገፈም። ብረቱ ነው የጋለው።»

የማጭበርበሩን ነገር የሰማው አልመሰለኝም። ለመታጠቢያ የተቀመጠውን ጆግ አንስቶ ውሃውን ቸርኬው መሃል ደፋው። ውሃው ሳይወርድ እንፋሎት ሆኖ ፊታችን ላይ ወጣ። ሰዉ ሁሉ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ከማል ጆጉን ጥሎ ወደ ጋቢናው ሮጠ።

ለይላን ከነሕፃኗ አወረድናት። ሽንኩርቱ ወደ ሌላ መኪና መገልበጥ ጀመረ፤ ደላላው የማውቀውንም የማላውቀውንም ቋንቋ እየቀላቀለ ረገመን። ከሰፈሩ መካኒክ ተጠርቶ መጣ፣ ክሪክ ገባ፣ ጎማው ከመሬት ተነሳ። መካኒኩ በሁለት እጁ ይዞ ሲያወዛውዘው እንደ ወላቃ ጥርስ ወዲያና ወዲህ አለ። ቸርኬው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ሲያወጣው ጠቁሯል፣ ግማሹ ተፈርፍሯል። እፍኙ ላይ አድርጎ ለከማል አሳየው።

«ሞጆ አትደርስም ነበር» አለው። «ቆቃ አካባቢ ጎማው ወልቆ ይቀድምህ ነበር።»

ከማል መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ጋቢናውን አየ፣ ከዚያ ለይላን፣ ከዚያ እጆቹን። «ግሪስ አይቼ ነበር ብያችሁ ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

«መቂ ላይ አየዋለሁ ነው ያልከው» አልኩት።

«እርሻው ውስጥ ሰው ሲያስቸኩለኝ ረሳሁት።»

ጋሼ ደጀኔ ያለ ካፖርታቸው ጎማው አጠገብ ቆመው ነበር፤ እንዲያ ሲሆኑ ትንሽ ሰው ናቸው። «ከቀይ በኋላ ጨለማ አለ» አሉ። «ሙቀቱ ሲበዛ ሁለቱም ወንድማማቾች ሥራ ያቆማሉ። ነጥቡ አልሞተም፤ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ጠፍቶበት ነው።»

«እንዴ ጋሼ! ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

ወደ መሬት አዩ። «ዶክተሩ ለእኔ ነግረውኛል። ‹ለስንዱም ይንገሯት› ብለውኛል። ረስቼው ነው።»

ከሦስታችን አንድ ሌላውን ሊቆጣ የሚችል ሰው አልነበረም።

አዴ ዘሃራ እጄን ይዘው ጣቴን ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክረው፣ እንዳላወጣው ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ። የነገርኩትን ሁሉ እሳቸው ሰምተዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ጥፋትሽን ጣትሽ ከፍላለች። ደግሞ ባታጭበረብሪ ኖሮ ማን ይነካው ነበር? እኔ ዛሬ ልጄንና የልጅ ልጄን ያገኘሁት ባንቺ ሌብነት ነው። ሁለተኛ ግን እንዳትለምጂው።»

ከዚያ ዶሮዋን አረዱ።

አምስተኛው ቀን

ለይላ ቤት አደርን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን ለእኛ ለቀው እነሱ ከአራስ ጋር በአንዱ ተጨናነቁ። እምቢ ብንል ማን ሰምቶን! የለይላ ባል ጠዋት አዲስ ኩሽኔታ ፍለጋ ከከማል ጋር ሄደ። ሲገጠም እኔና ጋሼ አጠገቡ ተቀምጠን አየን። ሲያልቅ ከማል ራሱ ብሩሹን ለመነኝ፤ አዲሱን ነጥብ ሲቀባ ምላሱን በአንድ ጎን አውጥቶ፣ ጥልፍ እንደምትጠልፍ ሴት ተጠንቅቆ ነው። ከዚያ ካፖርቱ ሥር ብቻውን ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ «ቢጫ ነው» አለ፤ አልቀለደም።

አውቶቡስ ስንሳፈር አንድ ጆንያ ሽንኩርት ከነገመዱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አገኘነው። ማን እንደጫነው ጠይቀን የመለሰልን የለም። አዴ ዘሃራ ለጋሼ ደጀኔ በመስኮት በኩል አንድ ነገር በኦሮምኛ ነገሯቸው፤ ጋሼ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» አሉ። ምን እንዳሏቸው ስጠይቃቸው «አልገባኝም፤ ግን ምስጋና የሚገባው ነገር ይመስላል» አሉኝ።

ወደ ማታ ደብረ ብርሃን ላይ ከመኪና ስንወርድ ብርዱ በሩ ላይ ጠብቆ ተቀበለን። ጋሼ ካፖርታቸውን ቆለፉ። እኔ ሽንኩርቱን ተሸክሜ ጣቴን አንጠልጥዬ ገባሁ።

ሪፖርቱን የጻፉት ጋሼ ደጀኔ ናቸው። ወዳጅ ሰው ስለሆኑ ስለ መቂው ጎማ ሲጽፉ እንዲህ አሉ፦ «ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የብረቱ ከፍተኛ ሙቀት በሌላ ራሱን የቻለ ዘዴ ተረጋግጧል።» ዶክተሩ ቢሯቸው ውስጥ ሲያነቡ እኛ ፊት ለፊት ቆመናል። ሦስት ገጽ አነበቡ፤ አራተኛው ላይ ብዕራቸው ቆመ።

«ይህ ሌላ ዘዴ ምንድን ነው?»

ጋሼ ጣሪያውን አዩ። እኔ የተጠቀለለውን ጣቴን አነሳሁ።

«ጣትሽ እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?»

ነገርኳቸው። ጠርሙሱን፣ ብሩሹን፣ ጋሼ ሳህናቸውን እስኪጨርሱ የነበረኝን ጊዜ፣ ሬጅስትራርን፣ ሁሉንም። ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አድርገው «በሌላ ራሱን የቻለ ዘዴ» የሚለውን ሰረዙና ከላዩ በእጃቸው ጻፉበት። «እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ሪፖርት እንዲህ ነው የሚጽፈው» ብለው መለሱልኝ።

ሪፖርቱ አሁንም ቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ ነው፤ ተማሪ ሲዋሰው የማስፈርመው እኔ ነኝ። አራተኛው ገጽ ላይ በዶክተሩ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ቴክኒሻኗ ልታጭበረብር ስትል ተቃጥላ አረጋግጣለች።»